የአንድን ቀበሌ ለኑሮ ተስማሚነት መተርጎምና መለካት፦ ከጣና ዳርቻ ልምድ የተነሣ ዝርዝር መመሪያ

በባሕር ዳር ዳርቻ ከሚገኙ ሰፈሮች በአንዱ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ፣ ከቦኖው ሥር ጀምሮ እስከ ኮብልስቶኑ መንገድ ድረስ የተሰለፈ ጀሪካን አየሁ። በአካባቢው ሰው አልነበረም። አንዳንዱ ጀሪካን በቀይ ክር፣ አንዳንዱ በጨርቅ ብጣሽ ምልክት ተደርጎበታል፤ ትርፍ ጀሪካን የሌለው ደግሞ ተራውን ለመያዝ ድንጋይ አስቀምጧል። ከዚያ ሌሊት ሦስት ቀን ቀደም ብሎ በዚያው ሰፈር ቤት ለቤት ስንዞር፣ «የቧንቧ ውሃ ታገኛላችሁ ወይ?» ለሚለው ጥያቄያችን ከሞላ ጎደል ሁሉም «አዎ» ብሎ መልሶልን፣ እኛም በቅጹ ላይ ምልክት አድርገን አልፈን ነበር። ቡና ሲቆሉ ያገኘናቸው አንዲት እናት ብቻ ጥያቄውን ሰምተው «እንዴታ ልጄ፣ ውሃማ አለን፤ ሲመጣ ነው እንጂ» አሉ። ቅጻችን «ሲመጣ ነው እንጂ» የሚለውን የሚያሰፍርበት ቦታ አልነበረውም።

ይህ መመሪያ የሚነሣው ከዚያ ከጎደለው ቦታ ነው። አንድ አካባቢ ለኑሮ ተስማሚ መሆኑን ለማወቅ የሚፈልግ ሰው የተሠራውን ሳይሆን ለነዋሪው የደረሰውን መለካት ይኖርበታል። በዓባይ ላይ የተሠራውና በ2016 ዓ.ም የተመረቀው የባሕር ዳር አዲሱ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመት አለው፤ ይህ ቁጥር የተሠራውን ይነግረናል። ከወንዙ ማዶ የምትኖር ተማሪ ጠዋት ትምህርት ቤቷ ለመድረስ የሚፈጅባት ደቂቃ ግን የደረሰውን ይነግረናል። የቀበሌ አስተዳዳሪዎች፣ የልማት ባለሙያዎች፣ የዕድር ዳኞችና የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጁ ተማሪዎች ብዙ ገንዘብ ሳያወጡ ይህን ሁለተኛውን ዓይነት ቁጥር እንዲያገኙ የሚከተሉትን ደረጃዎች በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ቃሉን ተርጉሞ መጻፍ

ሥራው የሚጀምረው «ለኑሮ ተስማሚ» ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ በአንድ አንቀጽ ጽፎ በመስማማት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚደባለቁ ሁለት ነገሮች አሉ። የኑሮ ደረጃ የቤተሰብ ጉዳይ ነው፤ ቤተሰቡ ምን ያህል ገቢ፣ ምን ያህል ሀብት አለው የሚለውን ይመለከታል። ለኑሮ ተስማሚነት ግን የቦታው ጉዳይ ነው። ገንዘብ ያለው ሰው በግቢው የውሃ ጉድጓድ ያስቆፍራል፣ ሮቶ ይሰቅላል፣ ጄኔሬተር ይገዛል፣ ልጁን በመኪና ራቅ ወዳለ ትምህርት ቤት ይልካል፤ እንዲህ ያለ ሰው በየትም ቦታ ይኖራል። ስለዚህ ስለ ቦታው መናገር የምንችለው፣ ይህን ሁሉ ለራሱ መግዛት የማይችለው ነዋሪ ቦታው ምን እንደሚሰጠው ስናይ ነው።

በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚታወቁት መለኪያዎች ለዚህ ዓላማ በቀጥታ አያገለግሉም። በየዓመቱ የከተሞችን ደረጃ የሚያወጣው የኢኮኖሚስት ኢንተለጀንስ ዩኒት መለኪያ መረጋጋትን፣ ጤናን፣ ባህልና አካባቢን፣ ትምህርትን እንዲሁም መሠረተ ልማትን ይመዝናል፤ የአውስትራሊያዋ ሜልቦርን እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2017 በተከታታይ አንደኛ የወጣችው በዚህ መለኪያ ነው። ነገር ግን መለኪያው ከመነሻው የተበጀው ዓለም አቀፍ ኩባንያዎች ሠራተኞቻቸውን ወደ ሌላ አገር ሲልኩ ምን ያህል የችግር አበል መክፈል እንዳለባቸው ለመወሰን እንዲረዳ ነው። በዘጌ ቡና ለቅማ፣ በታንኳ አሻግራ የምትሸጥ ሴት በዚያ ስሌት ውስጥ የለችም። ከእነዚህ መለኪያዎች የሥራውን ሥርዓት፣ ማለትም ዘርፍ መለየትን፣ ክብደት መስጠትንና አንድ ውጤት ማውጣትን እንወስዳለን፤ ይዘቱን ግን ከነዋሪው አፍ እንቀበላለን።

ለመነሻ ያህል የሚከተለውን ትርጉም ወስዶ ማሻሻል ይቻላል፦ አንድ አካባቢ ለኑሮ ተስማሚ የሚባለው፣ በዚያ የሚኖር ማንኛውም ሰው፣ ተከራይም ሆነ ባለ ቤት፣ ሴትም ሆነ ወንድ፣ አካል ጉዳተኛም ሆነ አዲስ መጤ፣ በክረምትም በበጋም ንጹሕ ውሃ፣ ሕክምና፣ ትምህርትና ገበያ ሲያገኝ፣ ያለ ሥጋት ሲወጣና ሲገባ፣ አቅሙ በሚፈቅደው ዋጋ መጠለያ ሲኖረውና ከጎረቤቱ ጋር በኀዘንም በደስታም መቆጠር ሲችል ነው። እያንዳንዱ ሐረግ ኋላ የሚለካ ነገር ሆኖ ይመጣልና በጽሑፉ ላይ በጥድፊያ ማለፍ አይገባም።

ሁለተኛ፦ ወሰኑንና ሰዉን መለየት

ባሕር ዳር ከመካከሏ ብቻ አትለካም። ዘንዘልማ፣ መሸንቲ፣ ጢስ ዓባይና ዘጌ በከተማዋ ሥር የሚቆጠሩ ቢሆኑም ኑሯቸው ከጊዮርጊስ አካባቢ ኑሮ በእጅጉ የተለየ ነው። ስለዚህ የመለኪያው አሐድ ከከተማ ወይም ከወረዳ ይልቅ ቀበሌ፣ ቢቻል ደግሞ ጎጥ ወይም ሰፈር ቢሆን ይመረጣል። ወሰኑን በወረቀት ካርታ ብቻ ከመወሰን ይልቅ ሰፈሩን ከሚያውቁ ሁለት ሦስት ሰዎች ጋር በእግር መዞርና «ከዚህ ወዲያ የማን ነው?» እያሉ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው የሕዝብ ቁጥር ነው። በአገራችን የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም ነው። ከዚያ ወዲህ የሚጠቀሰው ቁጥር ሁሉ ትንበያ ነው፤ እንደ ባሕር ዳር በፍጥነት ባደገ ከተማ ደግሞ በትንበያና በእውነታ መካከል ያለው ልዩነት ቀላል አይደለም። የቀበሌው መዝገብም የራሱ ጉድለት አለበት፤ በመዝገቡ ላይ የሚገኘው በአብዛኛው የቤት ቁጥር ያለው ባለ ይዞታ ነው። በሰርቪስ ቤት የሚኖሩ ተከራዮች፣ ደባሎች፣ ከሌላ አካባቢ ተፈናቅለው የመጡ ቤተሰቦችና በግንባታ ቦታ የሚያድሩ የቀን ሠራተኞች ብዙውን ጊዜ አይገኙበትም። ይህ ጉድለት ካልታረመ ኑሮው ይበልጥ የከበደበት ሰው ከልኬቱ ውጭ ይቀርና ውጤቱ ከእውነታው ያማረ ይሆናል። መድኃኒቱ ግቢ ለግቢ እየዞሩ «በዚህ ግቢ ውስጥ ለየብቻ የሚያበስሉ ስንት ቤተሰቦች አሉ?» ብሎ መዘርዘር ነው። በአንድ ቀበሌ ሁለት ቀን የሚፈጅ ሥራ ነው፤ ሁለቱ ቀናት ግን ኋላ የሚመጣውን ሁሉ ይሸከማሉ።

ሦስተኛ፦ ምን እንደሚለካ ከነዋሪው መስማት

በቀበሌው አዳራሽ ስብሰባ መጥራት ቀላል ስለሆነ ብዙዎች በዚያ ይጀምራሉ፣ በዚያም ይጨርሳሉ። በአዳራሹ የሚናገሩት ግን አብዛኛውን ጊዜ በዕድሜ የገፉ ወንዶች ናቸው። ሴቶችን በቦኖው ወረፋ፣ በቡና ሰዓትና በገበያ መመለሻ፣ ወጣቶችን በባጃጅ መቆሚያና በኳስ ሜዳ፣ ዓሣ አስጋሪዎችን ጀልባ በሚያስጠጉበት ቦታ ለየብቻ ማግኘት ይገባል። ለእያንዳንዱ ቡድን የሚቀርበው ጥያቄ ሁለት ብቻ ቢሆን ይበቃል፤ «ከዚህ ሰፈር ምን ቢጠፋ ለቃችሁ ትሄዱ ነበር?» እና «ልጃችሁ ጎጆ ሲወጣ እዚህ ሰፈር እንዲኖር ትፈልጋላችሁ? ለምን?»። ሁለተኛው ጥያቄ በተለይ ብዙ ያስወጣል፤ ሰው ለራሱ የታገሠውን ለልጁ አይታገሥምና።

ከመልሶቹ ውስጥ ተደጋግመው የመጡትን ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወደሚሆኑ ጉዳዮች ከሰበሰቡ በኋላ፣ ለእያንዳንዱ ተሳታፊ 20 የባቄላ ፍሬ ይስጡ፤ ጉዳዮቹን በሥዕል ወይም በዕቃ ወክለው መሬት ላይ ደርድሩና፣ ይበልጥ ለሚያስፈልገው ብዙ ባቄላ እንዲያስቀምጡ ይጠይቁ። ለውሃ ጀሪካን፣ ለጤና የመድኃኒት ብልቃጥ፣ ለትምህርት ደብተር፣ ለመብራት አምፖል ቢቀመጥ ማንበብ የማይችልም ሰው እኩል ይሳተፋል። የሴቶችንና የወንዶችን ባቄላ ለየብቻ መቁጠርና ለየብቻ መመዝገብ ያስፈልጋል። ይህ ቆጠራ በኋላ ለእያንዳንዱ ዘርፍ የምንሰጠው ክብደት ይሆናል።

አራተኛ፦ አመላካቾችን መምረጥ

አመላካች ማለት ስለ አንድ ጉዳይ የሚነግረን አንድ የሚቆጠር ነገር ነው። ጥሩ አመላካች ሦስት ነገር ያሟላል፦ ነዋሪው ያለ ችግር ሊመልሰው ወይም እኛ በዓይናችን ልናየው የምንችለው፣ ሁለት ጠያቂዎች ቢጠይቁት አንድ ዓይነት መልስ የሚገኝበት፣ ዝቅ ብሎ ቢገኝ ማን ምን ማድረግ እንዳለበት የሚጠቁም ይሆናል። ሦስተኛውን የማያሟላ አመላካች መሰብሰብ የሰውን ጊዜ መውሰድ ነው።

ውሃን በአራት ጥያቄ እንለካዋለን። የመጀመሪያው መጠን ነው፤ «ትናንት ስንት ጀሪካን ውሃ ወደ ቤት ገባ?» ተብሎ ይጠየቅና በቤተሰቡ ቁጥር ይካፈላል። አምስት ሰዎች ያሉት ቤተሰብ ባለ 20 ሊትር አራት ጀሪካን ካስገባ ለአንድ ሰው 16 ሊትር ደረሰው ማለት ነው። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ የተቀመጠው መለኪያ ለገጠር ነዋሪ በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ በቀን 25 ሊትር፣ ለከተማ ደግሞ እንደ ከተማው ደረጃ ከ40 እስከ 100 ሊትር ስለሆነ፣ ቤተሰቡ የቱ ላይ እንዳለ ወዲያውኑ ይታያል። ሁለተኛው ጊዜ ነው፤ የዓለም የጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በጋራ የሚጠቀሙበት ወሰን ደርሶ መልስ፣ ወረፋውን ጨምሮ፣ 30 ደቂቃ ነው። ወረፋውን መርሳት በእኛ አገር ትልቅ ስሕተት ነው፤ ቦኖው በ100 ሜትር ርቀት ላይ ሆኖ ወረፋው ሦስት ሰዓት የሚፈጅ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው አለመቋረጥ ነው፤ «ባለፉት 7 ቀናት ውስጥ ስንት ቀን ውሃ መጣ? ስንት ሰዓት ላይ?»። ሌሊት ብቻ የሚመጣ ውሃ በቅጹ ላይ ከቀን ውሃ ጋር አንድ ሆኖ እንዳይመዘገብ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ያን ውሃ የሚቀዳው እንቅልፉን የሚያጣ ሰው፣ ብዙውን ጊዜም እናት ወይም ታላቅ ልጅ ናት። አራተኛው ንጽሕና ነው። ቀሪ ክሎሪን ለመለካት የሚያገለግል ቀላል መሣሪያ ካለ ውሃው በሚቀዳበት ቦታ በሊትር ቢያንስ 0.2 ሚሊ ግራም መገኘቱን ማየት ይቻላል።

በጣና ዳርቻ የመጸዳጃ ቤት ጉዳይ ከውሃው አይነጠልም። የከርሰ ምድር ውሃው ለመሬቱ ገጽ ቅርብ በሆነባቸው ሰፈሮች በክረምት ጉድጓዱ ሞልቶ ይፈሳል፤ የእጅ ጉድጓድ ውሃም አብሮ ይበከላል። ስለዚህ መጸዳጃ ቤት አለ ወይስ የለም ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ በመጸዳጃ ቤቱና በውሃ ጉድጓዱ መካከል ያለውን ርቀት በእርምጃ መለካት ይሻላል። በብዙ መመሪያዎች የሚጠቀሰው ዝቅተኛ ርቀት 30 ሜትር ነው። በነሐሴ ወር ጉድጓዱ ሞልቶ እንደሆነ መጠየቅም ተገቢ ነው።

በጤና ረገድ በአገራችን የተቀመጠው ደረጃ አንድ ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000 ለሚደርስ ሕዝብ፣ አንድ ጤና ጣቢያ በገጠር ለ25,000፣ በከተማ ደግሞ ለ40,000 ሕዝብ እንዲያገለግል ነው። ይህን መቁጠር ቀላል ነው፤ ግን አሁንም የተሠራውን እንጂ የደረሰውን አይነግረንም። ሁለት ጥያቄዎችን እጨምራለሁ። አንደኛው «ባለፈው ጊዜ ከታዘዘላችሁ መድኃኒት ውስጥ ስንቱን እዚያው ጤና ጣቢያው ውስጥ አገኛችሁ?» የሚለው ነው። ሁለተኛው «በዚህ ሰፈር አንዲት ሴት ሌሊት ምጥ ቢይዛት በምን ትሄዳለች? ስንት ደቂቃ ይፈጅባታል?» የሚለው ነው። ባጃጅ በሌሊት የማይሠራበት ጊዜ በሚያጋጥምበት ከተማ ይህ ጥያቄ ስለ መንገድ፣ ስለ ጸጥታና ስለ ጤና በአንድ ጊዜ ይናገራል። ወባ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ስለሚበረታ «ትናንት ሌሊት ከአልጋ አጎበር ውስጥ ያደሩ ስንት ናቸው?» የሚለው እንዲካተት፣ ሐይቁ ዳር ባሉ ሰፈሮች ደግሞ ልጆች የሚታጠቡበትና የሚዋኙበት ቦታ ከቢልሃርዚያ አንጻር እንዲመዘገብ ያስፈልጋል።

መጠለያን በሦስት ነገር ማየት ይበቃል፦ የቤት ኪራይ ከወር ገቢ ምን ያህሉን ይወስዳል (ከ30 በመቶ ካለፈ ከባድ ሸክም ተደርጎ ይቆጠራል)፣ በአንድ ክፍል ስንት ሰው ያድራል (ከሦስት በላይ ከሆነ በተባበሩት መንግሥታት የሰዎች መኖሪያ ፕሮግራም፣ ማለትም በዩኤን ሃቢታት፣ መለኪያ መጨናነቅ ነው)፣ ቤተሰቡ ባለፉት አምስት ዓመታት ስንት ጊዜ ቤት ቀየረ። የመጨረሻው ስለ ተከራይ ሥጋት ከማንኛውም ረጅም ጥያቄ የበለጠ ይናገራል። በትምህርት ረገድ ስንት ተማሪ በአንድ ክፍል እንደሚቀመጥ (የአንደኛ ደረጃ መለኪያው 50 ነው) እና ልጆች በእግር ስንት ደቂቃ እንደሚሄዱ፣ በመብራት ረገድ ደግሞ ባለፈው ሳምንት ስንት ሰዓት እንደተቋረጠ መጠየቅ በቂ ነው።

ሐይቁ ራሱን የቻለ ዘርፍ እንዲሆን እመክራለሁ፤ በሌላ አገር ከተዘጋጀ ዝርዝር ውስጥ አይገኝምና። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,786 ሜትር ከፍታ ላይ የሚገኝ፣ ጥልቀቱ ግን ጥልቅ በሆነበት ቦታ እንኳ ከ15 ሜትር የማያልፍ ሐይቅ ነው። ጥልቀቱ ትንሽ በመሆኑ ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ የሚያመጡት ደለልና የእርሻ ማዳበሪያ ዕጣቢ ቶሎ ይጎዳዋል። እንቦጭ የተባለው መጤ የውሃ አረም በሐይቁ ላይ መታየቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ዩኔስኮ ሐይቁንና ዙሪያውን የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ብሎ መዘገበው። ለነዋሪው ኑሮ ግን የሚቀርቡት አመላካቾች እነዚህ ናቸው፦ ዓሣ አስጋሪው ባለፈው ወር በእንቦጭ ምክንያት ጀልባውን ወይም ታንኳውን ማውጣት ያልቻለባቸው ቀናት፣ ከብቶች ውሃ የሚጠጡበት ዳርቻ የተከፈተ ወይስ በአረም የተያዘ መሆኑ፣ ለታንኳ መሥሪያ የሚሆነው ደንገል በእግር የሚደረስበት ርቀት፣ በፎገራና በደንቢያ ሜዳ ባሉ ቀበሌዎች ደግሞ ባለፉት ሦስት ክረምቶች ውሃ ወደ ቤት የገባበት ጊዜ ብዛት።

ሌላም አለ። በከተማው ውስጥ የሐይቁ ዳርቻ ምን ያህሉ ማንም ሰው ሳይከፍልና ሳይጠየቅ የሚደርስበት ነው? ይህን በእግር እየተጓዙ በስልክ ካርታ ላይ መመዝገብ ይቻላል፤ በአጥር የተዘጋው፣ በክፍያ የሚገባበትና ክፍት የሆነው ስንት ስንት ሜትር እንደሆነ ተደምሮ በመቶኛ ይቀመጣል። በሐይቅ ዳር የተወለደ ልጅ ሐይቁን በአጥር ቀዳዳ እንዲያይ መደረጉ ለእኔ ከባድ ጉድለት ነው። የተሠሩ የእግር መንገዶች ካሉም ርዝመታቸውን ብቻ ሳይሆን እሑድ ከሰዓት በኋላ ማን እንደሚሄድባቸው፣ ሽማግሌ፣ ልጅ፣ በዊልቸር የሚንቀሳቀስ ሰው መኖሩን ቆሞ መቁጠር ያስፈልጋል። ባሕር ዳር ሜዳማ በመሆኗ የብስክሌት ከተማ ናት፤ ስለዚህ በብስክሌት ወደ ሥራ የሚሄዱ ሴቶችና ወንዶች ብዛት ስለ መንገድ ደኅንነት ጥሩ ምስክር ነው።

የጎረቤት ትስስርን ለመለካት ዕድር ይበቃል። «የዚህ ሰፈር ዕድር ተከራይን ይቀበላል? አዲስ የመጣ ሰው ከስንት ወር በኋላ ይገባል? መግቢያው ስንት ብር ነው?» የሚሉት ሦስት ጥያቄዎች ሰው በአካባቢው ይቆጠር ወይስ አይቆጠር እንደሆነ ይነግሩናል። በጣና ዳርቻ ከደንገል ታንኳና ሰፌድ በመሥራት የሚተዳደሩ የነገደ ወይጦ ቤተሰቦች ለረጅም ዘመን ከጎረቤት ማኅበራዊ ኑሮ ተገልለው እንደቆዩ የታወቀ ነው። አንድ ቀበሌ በአማካይ ጥሩ ውጤት ቢያገኝ፣ በውሃው ጥግ ያለው የእነዚህ ቤተሰቦች መንደር ግን በእያንዳንዱ ዘርፍ ዝቅ ብሎ ቢገኝ፣ የቀበሌውን አማካይ ብቻ ማሳተም እውነትን መሸፈን ነው።

አምስተኛ፦ ጥያቄውን በእኛው አነጋገር መቅረጽ

በአማርኛ «ኑሮ እንዴት ነው?» ብለው ቢጠይቁ «ተመስገን ነው» የሚል መልስ ያገኛሉ። ይህ ስለ ሰፈሩ የተሰጠ ምስክርነት ሳይሆን ለፈጣሪ የቀረበ ምስጋና ነው፤ በቅጽ ላይ «ረክቷል» ብሎ መመዝገብ አይገባም። ስለዚህ አጠቃላይ ጥያቄን ትቶ ቀን፣ ቁጥርና ድርጊት ያለበት ጥያቄ ማቅረብ ይሻላል፤ «ትናንት»፣ «ባለፉት 7 ቀናት»፣ «ባለፈው ክረምት» እያሉ። የነዋሪውን የራሱን ግምት ለማወቅ ከተፈለገ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሃድሊ ካንትሪል እ.ኤ.አ. በ1965 ያስተዋወቀው የመሰላል ዘዴ ለእኛ ሰው በጣም ይስማማል። ከ0 እስከ 10 እርከን ያለው መሰላል በመሬት ወይም በወረቀት ላይ ይሣሉና፣ «ከላይኛው እርከን ለእርስዎ ከሁሉ የተሻለው ሰፈር አለ፣ ከታችኛው ደግሞ ከሁሉ የከፋው፤ ይህ ሰፈር የትኛው እርከን ላይ ነው? ከአምስት ዓመት በፊትስ?» ብለው ይጠይቁ። ሰው በጣቱ ሲያመለክት በቃል ከሚመልሰው የበለጠ ነጻ ይሆናል።

መጠይቁ በቃል ሲነበብ ከ30 ደቂቃ ባይበልጥ ይመረጣል። ሥራው ከመጀመሩ በፊት በሌላ ሰፈር ከ10 እስከ 15 በሚሆኑ ቤቶች መሞከርና ያልተገባውን ጥያቄ ማስተካከል ያስፈልጋል። እኛ ይህን ሙከራ በጥድፊያ ስላለፍነው ነው የውሃውን ጥያቄ ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና ቤት ለቤት ዞረን ለመጠየቅ የተገደድነው።

ስድስተኛ፦ ቤቶችን በዕጣ መምረጥ

ሁሉንም ቤት መጠየቅ ካልተቻለ ናሙና ይወሰዳል። በ95 በመቶ መተማመኛ፣ ማለትም ልኬቱ 100 ጊዜ ቢደገም በ95ቱ ያህል፣ ስሕተቱ ወደ ላይም ወደ ታችም ከ10 በመቶ ነጥብ እንዳይበልጥ ከተፈለገ 96 ያህል ቤተሰቦች ይበቃሉ፤ ወደ 5 በመቶ ነጥብ ማውረድ ከተፈለገ 385 ያህል ያስፈልጋሉ። ለአንድ ሰፈር 100 ቤተሰብ ብዙውን ጊዜ ተመጣጣኝ ነው። ሁለት ሰፈሮችን ለማነጻጸር ከታሰበ ግን ለእያንዳንዳቸው 100 ያስፈልጋል፤ 50 በ50 ተከፍሎ የሚገኝ ልዩነት ብዙ ጊዜ የዕጣ ጨዋታ ነው።

አመራረጡ እንዲህ ነው። በዝርዝሩ ላይ 1,200 ቤተሰቦች ቢገኙና 100 ቢፈለጉ፣ 1,200 ለ100 ሲካፈል 12 ይሆናል። ከ1 እስከ 12 ያሉት ቁጥሮች በወረቀት ተጽፈው በዕጣ አንዱ ይወጣል፤ ዕጣው 7 ላይ ቢወድቅ 7ኛው፣ 19ኛው፣ 31ኛው እያለ በየ12 ይቀጥላል። የተመረጠው ቤት ዝግ ከሆነ በሌላ ሰዓት ሁለት ጊዜ መመለስ እንጂ ጎረቤቱን መተካት አይገባም። ቀን ላይ ዝግ የሆነው ቤት አብዛኛውን ጊዜ የሠራተኛ ቤት ነውና፣ ከተተካ ሥራ ያለው ሰው ከልኬቱ ይወጣል።

ሰባተኛ፦ መስክ

ከክፍለ ከተማው ወይም ከወረዳው የትብብር ደብዳቤ ይዞ መሄድ ግዴታ ነው። መረጃ ሰብሳቢዎቹ ቢቻል ሴትና ወንድ ተጣምረው ይሂዱ። የሰው ስም፣ ስልክና የቤት ቁጥር ከመልሱ ጋር በአንድ ፋይል እንዳይቀመጥ መጠንቀቅ የሥነ ምግባር ብቻ ሳይሆን የሕግም ጉዳይ ነው፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ በ2016 ዓ.ም ወጥቷል። ስለ ጸጥታ ሲጠየቅ ማን ምን አደረገ የሚል ጥያቄ አይቅረብ፤ «ከመሸ በኋላ ለብቻዎ እስከ ስንት ሰዓት ይወጣሉ?» የሚለው ማንንም ለአደጋ ሳያጋልጥ የሚያስፈልገውን ይነግረናል። መልስ ለመስጠት ያልፈለገ ሰው ባለመፈለጉ ሊከበር ይገባል፤ ያልተመለሰውም «አልተመለሰም» ተብሎ ይመዝገብ እንጂ በግምት አይሞላ።

ኮቦ ኮሌክት የተባለው የስልክ መተግበሪያ ኢንተርኔት በሌለበትም ስለሚሠራ ከወረቀት ይመረጣል። ተቆጣጣሪው ከአሥር ቤቶች በአንዱ በማግስቱ ተመልሶ ሦስት አራት ጥያቄዎችን ደግሞ መጠየቅ አለበት፤ መልሶቹ ከተለያዩ ችግሩ ከጥያቄው ነው ወይስ ከጠያቂው የሚለውን በዚያው ሳምንት መለየት ይቻላል።

ልኬቱ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዴ በነሐሴ አንዴም በመጋቢት ቢካሄድ እውነቱ ይወጣል። በመጋቢት ደረቅ የሆነው መንገድ በነሐሴ ባጃጅ የማያስገባ ጭቃ ነው፤ በነሐሴ የሞላው የእጅ ጉድጓድ ደግሞ በመጋቢት ይደርቃል።

ስምንተኛ፦ ማስላት

ሊትር፣ ደቂቃና ብር በቀጥታ አይደመሩም፤ ሁሉንም ከ0 እስከ 100 ወዳለው አንድ መለኪያ መመለስ ያስፈልጋል። ለእያንዳንዱ አመላካች «ሙሉ ነጥብ» እና «ዜሮ ነጥብ» የሚሆነውን አስቀድመው ይወስኑ። ለውሃ ጊዜ 30 ደቂቃና ከዚያ በታች 100፣ 180 ደቂቃና ከዚያ በላይ 0 ነው እንበል። 90 ደቂቃ የሚፈጅበት ቤተሰብ ከ180 ላይ 90 ተቀንሶ የተገኘው 90፣ ለ150 (ለ180 እና ለ30 ልዩነት) ተካፍሎ በ100 ሲባዛ 60 ነጥብ ያገኛል። ወሰኖቹን መረጃው ከተሰበሰበ በኋላ መቀየር ውጤቱን እንደፈለጉ መቅረጽ ስለሆነ አይፈቀድም።

ከዚያ የዘርፎቹ ነጥብ በባቄላው ክብደት እየተባዛ ይጠቃለላል። እዚህ ላይ አንድ ውሳኔ አለ። ለማስረዳት ያህል፣ አንድ ሰፈር በውሃ 90፣ በጤና 80፣ በመንገድ 10 ቢያገኝና ክብደታቸው እኩል ቢሆን ተራው አማካይ 60 ነው፤ በሦስቱም 60 ካገኘ ሌላ ሰፈር ጋር እኩል ይሆናል ማለት ነው። ሁለቱ ሰፈሮች ግን እኩል አይደሉም፤ መንገድ በሌለበት ጤና ጣቢያው አይደረስበትም። ሦስቱን ቁጥሮች አባዝቶ የብዜቱን ሦስተኛ ሥር (ኪዩብ ሩት) የሚወስደው የጂኦሜትሪ አማካይ ለመጀመሪያው ሰፈር ወደ 42 ይሰጣል፣ ለሁለተኛው 60። የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሰብአዊ ልማት መለኪያውን እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በዚህ ዘዴ የሚያሰላው በተመሳሳይ ምክንያት ነው። እኔም ይህን እመርጣለሁ፤ አንዱ ጉድለት በሌላው ሙላት አይካካስምና። አንድ ጥንቃቄ ብቻ አለ፤ ከነጥቦቹ አንዱ 0 ከሆነ አጠቃላዩ 0 ስለሚሆን ዝቅተኛውን ነጥብ 1 አድርጎ መጀመር ያስፈልጋል።

ዘጠነኛ፦ ውጤቱን ለባለቤቱ መመለስ

አጠቃላዩ ቁጥር ለመግቢያ ያህል ይጠቅማል እንጂ ሪፖርቱ እሱ አይደለም። ሪፖርቱ በጎጥ፣ በጾታ፣ በባለ ቤትና በተከራይ ተለይቶ የተቀመጠ ሠንጠረዥ ነው። በሠንጠረዡ ከየአመላካቹ አጠገብ ሁለት ዓምዶች ይጨመሩ፤ በአንዱ ጉዳዩ የማን ኃላፊነት እንደሆነ፣ በሌላው ሰፈሩ በራሱ ምን ማድረግ እንደሚችል ይጻፍ። የውሃ ፈረቃው ሰዓት የአገልግሎት ሰጪው ነው፤ የቦኖው ወረፋ አያያዝና የዕድሩ መግቢያ ደንብ ግን የሰፈሩ ነው።

ውጤቱ ለጽሕፈት ቤት ከመቅረቡ በፊት ለነዋሪው በዕድር ስብሰባ ቀን በቃል ይነበብ። በተለይ የሴቶቹ ባቄላና የወንዶቹ ባቄላ የተለያየበትን ቦታ ለይቶ ማሳየት ጥሩ ውይይት ይከፍታል። ነዋሪው «ይህ ትክክል አይደለም» ካለ ቁጥሩን ወዲያው አይቀይሩ፤ ምክንያቱን ጽፈው ከሠንጠረዡ ሥር ያስቀምጡትና በሚቀጥለው ዙር ጥያቄውን ያሻሽሉ። የቀድሞው ጥያቄም ቢያንስ ለአንድ ዙር ከአዲሱ ጎን ለጎን ይጠየቅ፤ አለበለዚያ ለውጡ የሰፈሩ ይሁን የጥያቄው መለየት አይቻልም።

እኛ በዚያ ሰፈር በሁለተኛው ዙር የውሃውን ጥያቄ አራት አድርገን ቀረጽነውና፣ ውጤቱን ስናነብ ቡና ሲቆሉ ያገኘናቸው እናት ከኋላ ወንበር ተነሥተው «የሌሊቱንም ጻፋችሁት?» ብለው ጠየቁ። ሠንጠረዡን ከፍተን በሦስተኛው ረድፍ ያለውን ቁጥር በጣታችን አሳየናቸው።